ክዳን የሌለው መሶብ

ልጄ መርዋ፣ የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽንም ወገቡን ተሽሎታል።

ስንደዶውን ከኮሶዬ አስመጥቼ ለሠርግሽ የጀመርኩት መሶብ ግን አላለቀም። ያለሽበት አገር ኤምባሲ ለባህል ልውውጥ ብሎ ለስፌት ማኅበራችን ትንሽ ድጋፍ ሰጥቶናል። እንግዶች በመጡ ቁጥር ስሰፋ ያዩኛል። ክዳኑን ልጨርስ ስል አስተባባሪያችን፣ «እትዬ ሃጂራ፣ ይቆይ፤ ሰዎቹ ሲሰፋ ነው ማየት የሚፈልጉት» ይለኛል። ክዳን የሌለው መሶብ ደግሞ ለሙሽራ አይሰጥም። እምቢ እንዳልል፣ ድጋፉ ቢቀር አብረውኝ የሚሰፉት እነ ወለላ ምን ይበላሉ? እንግዶቹ አንቺ ወዳለሽበት ይመለሳሉ፤ እኔ እዚሁ በርጩማዬ ላይ እቀራለሁ።

ቋንቋቸውን ታውቂ የለ፤ ያለቀ መሶብም እንደሚያምር ንገሪልኝ። የጀመርሽውን ሁሉ አላህ ለፍጻሜ ያብቃልሽ፤ ለኔም።

እናትሽ