የሱምባራው ቅል ባለቤት

እስከ ዛሬዋ ዕለት ያቆመኝ አምላክ ስሙ ይክበር። እኔ የሃምሳ አለቃ ባዩ ተክሌ፣ ዕድሜዬ ስድሳ ስድስት ዓመት፣ ነዋሪነቴ በቡታጅራ ከተማ፣ ዛሬ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ፣ አራት ምስክሮች በዙሪያዬ ተቀምጠው እያዩኝና እየሰሙኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ጉበቴ ታሟል፤ አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ቢኖር በ1997 ዓ.ም. ላይቤሪያ ለዘመተው ሻለቃችን በቀን ስንት ኩንታል ሩዝ አበስል እንደነበር ይጠይቀኝ።

ጸሐፊዬ ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ካሳሁን ነው። «የምትለውን ሁሉ ልጻፍ ወይስ የሚጠቅመውን?» ቢለኝ «ሁሉንም ጻፍ፤ የሚጠቅመውን እኔ ከሞትኩ በኋላ ይለዩታል» ብየዋለሁ።

ልጆቼ ስለ ቤትና ስለ ቦታ የምጨነቅ ይመስላቸዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ቅል ነው። በውስጡ ያለው ሱምባራ የሚባል የሚሸት የወጥ ማጣፈጫ ከእኔ ጋር ይቀበር ወይስ ከእኔ በኋላ ይኑር፣ ይህ ኑዛዜ የሚቆርጠው እርሱን ነው።

አንደኛ። መኖሪያ ቤቱና መናኸሪያው አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ከባለቤቴ ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል ጋር አብረን ያፈራናቸው ናቸው። ግማሹ የእርሷ ስለሆነ አፌን አላስገባበትም። የእኔ ድርሻ ለልጆቼ ለኢዮብና ለምሥራቅ እኩል ይሁን። ኢዮብ ምግብ ቤቱን ዘግቶ ለመድኃኒት መደብር ማከራየት እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ ደብቆኝም አያውቅም። «አባዬ፣ ያንን ነገር ካንተ በቀር የሚሠራው የለም። ያለ እርሱ ደግሞ የእኛም ቤት እንደማንኛውም ምግብ ቤት ነው» ብሎኛል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው። የመጀመሪያው ግን ስሕተት መሆኑን ከታች ያገኘዋል።

ሁለተኛ። ሁለቱ ትልልቅ የብረት ድስቶች ለዕድራችን ይሰጡ። ዕድሩ «ሰፈር አገማ» ብሎ ሦስት ጊዜ ከሶኛል፤ ሦስት ጊዜም ከሳሾቹ ስብሰባው ሲያልቅ እኔው ቤት ገብተው ምሳ በልተዋል። ይቅር ብያቸዋለሁ።

ሦስተኛ። ዕዳ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። የቃል ዕዳ ግን አለብኝ፤ ቃሉን የገባሁትም ላይቤሪያ፣ ዝዌድሩ በምትባል ከተማ ትኖር ለነበረች ማ ፋንታ ለምትባል ሴት ነው። «ማ» ማለት እንደ እኛ «እማማ» ነው።

ለሰላም ማስከበር ስንደርስ ጦርነቱ ከቆመ ገና ብዙ አልሆነውም ነበር። አንድ ማለዳ ከሰፈራችን በስተጀርባ ከባድ ሽታ መጣ። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ እንዲህ ያለ ሽታ ማለት ቀባሪ ያጣ ሰው ማለት ነበር። ሦስት ወታደሮች አስከትዬ፣ አካፋ ይዘን፣ አፍንጫችንን በጨርቅ አስረን ሽታውን ተከተልነው። ከአንዲት ጎጆ አደረሰን። አንዲት አሮጊት ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «እማማ፣ እዚህ ቤት የሞተ ሰው አለ ወይ?» አልኳት። አካፋዎቹን አየች፤ እኛን አየች። ገባችና በቅጠል የተሸፈነ ትልቅ ቅል አውጥታ ከፈተችልን። ተቀቅሎ የታፈነ ጥቁር የዛፍ ፍሬ ነበር፤ ዝልግልግ ብሎ እንደ ማር ክር ይስባል። የፈለግነው አስከሬን እርሱ ነበር። አሮጊቷ፣ ማ ፋንታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብን።

ከዚያ አስቀመጠችንና አበላችን። እኛ ዕቃ የምናጥብበትን ግራዋ እነርሱ ወጥ ይሠሩበታል። ቅጠሉን ደጋግማ አጥባ ምሬቱን ቀነሰችለት፤ በደረቅ ዓሣና በቀይ የዘንባባ ዘይት ሠራችው። በመጨረሻ ከዚያ ከሚሸተው ነገር የአውራ ጣት ያህል ቆንጥራ ጣለችበት። ሽታው እዚያው ድስቱ ውስጥ ጠፋ። የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ሩዙ ላይ አድርጌ ስቀምሰው የሄደበትን ቦታ አገኘሁት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የጠለቀ ጣዕም ቀምሼ አላውቅም። አጠገቤ የነበረው ወታደር አማተበ፤ እኔም አማተብኩ።

«ሱምባራ ነው» አለችኝ። ከበሰበሰ ነገር ይህ እንዴት ይወጣል ብዬ ብጠይቃት የመለሰችልኝን ዛሬም እሰማዋለሁ። «ወታደር፣ የሚሸት ድስት አያስፈራህ። በጦርነቱ ጊዜ በዚህ መንደር አንድም ድስት አይሸትም ነበር። እርሱን ፍራ።» ልጆቿን በዚያ ጦርነት እንዳጣች ያወቅኩት በኋላ ነው።

ስምንት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ እየሄድኩ ከእርሷ ተማርኩ። ስንመለስ ከሁለት ቅሎቿ አንዱን፣ እርሾው ውስጡ እንደ ተጣበቀ፣ ሰጠችኝና «አገርህ ገብቶ ከዳነ ቃል ላክልኝ፤ ከሞተም ላክልኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። አልላክሁም። መጀመሪያ አልሆን ብሎኝ አፈርኩ፤ ሲሆንልኝ ደግሞ መዘግየቴ አሳፈረኝ። እንዲህ እያልኩ ሃያ ዓመት ሞላኝ። ልጄ ምሥራቅ ሆይ፣ ያንቺ ስልክ የማይደርስበት አገር የለም። ፈልጊያት። በሕይወት ባትኖር ወገኖቿን ፈልጊ። «ድኗል» በያቸው። ሌላ ቃል አያስፈልግም።

አራተኛ። ወታደር ሰው ባሕር ተሻግሮ ሬዲዮና ካሜራ ሲያመጣ እኔ ለምን የሚሸት ቅል ይዤ እንደመጣሁ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ዛሬ ልመልስ። መስቃን ገጠር፣ እናቴ ጓሮ የቆጮ ጉድጓድ ነበረ። ሴቶቹ እንሰቱን ፍቀው በቅጠሉ ጠቅልለው ይቀብሩታል። ከወራት በኋላ ጉድጓዱ ሲከፈትና ያ ኮምጣጣ ሽታ ሲወጣ ልቤ ቀጥ ይል ነበር። ማንም ሳይነካው፣ ጨለማ ውስጥ፣ ይህን ማን ሠራው እያልኩ እገረም ነበር። በሰባት ዓመቴ እጄን ወደ ጉድጓዱ ብሰድ እናቴ በጥፊ አለችኝ። «ወንድ የነካው ይበላሻል!» አለች። ነፍሷን ይማር፣ ሥርዓቱ ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲያ ወደ ጉድጓዱ አልቀረብኩም። «እጅህን አስገባ፤ ሙቀቱን እወቀው» ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሴት ማ ፋንታ ናት።

አምስተኛ። በዚህ ላይ የሠራሁትን በደል እናገራለሁ።

የእነርሱ ዛፍ እዚህ ስለሌለ እህል ከምትሸጠው ከወይዘሮ ፈቲሀ በምገዛው አኩሪ አተር ሞከርኩ። ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ደግሜ ቀቅዬ ቅሉ ውስጥ አፍነዋለሁ። ደከም ያለ ቢሆንም ይሆን ነበር። በ2001 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ዘርፈሽዋል እንደ አገሩ ወግ ቤቱን ለቀለቀች፣ ዕቃ አጠበች። ለመስቀል ያልታጠበ ዕቃ በቤቷ አይቀርም። ቅሉንም አውጥታ ውስጡን በግራዋ አሽታ አሽታ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቃ ፀሐይ ላይ ደፋችው። ማ ፋንታ ወጥ የሠራችበት ግራዋ የማ ፋንታን ቅል ገደለው። እንግዳው ሁሉ ክትፎውን ከቦ በተቀመጠበት ተነሥቼ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቅል እጅሽ እንዳይነካው!» ብዬ ጮኽኩባት። በማግሥቱ ጠዋት ከጓሮ የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል ቅሉ አፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ።

ሌላ ስላጣሁ አኩሪ አተሩን በዚያ ቅጠል ጠቅልዬ አፈንኩት። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው የማ ፋንታ ሽታ ተመልሷል፤ ከሥሩም የእናቴ ጉድጓድ ሽታ አለ። ሁለቱ ሴቶች፣ ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ቅል ውስጥ ተገናኙ። ጓዳው ደፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰዉ ከቡኢ በሚኒባስ እየመጣ የሚበላው ያንን ነው። በአንድ ሁዳዴ «ባዩ የጾም ጎመን ውስጥ ሥጋ ይጨምራል» ተብሎ የነፍስ አባቴ ሊመረምሩ በመጡ ጊዜ ቅሉን ከፈትኩላቸው። በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ወጡና «ይህን የደፈረ ሰው ከጾምም አልፎ ሰማዕት ነው» አሉ። በማግሥቱ መጥተው ጎመኑን በሉ።

ያንን ቅጠል ያመጣችው ዘርፈሽዋል እንደሆነች አውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳትም። ክልከላዬንም አላነሣሁም። እናቴ በእኔ ያደረገችውን እኔ በሚስቴ አደረግሁት፤ ያውም ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ።

ስድስተኛ። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት የያዘኝ ብርቱ ጉንፋን ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ለማንም አልተናገርኩም። ሽታውን ሳይለዩ ሱምባራ መሥራት ዓይን ጨፍኖ በመርፌ ክር እንደማስገባት ነው፤ ሲሞቅ በሁለት ቀን ይደርሳል፣ ሲበርድ ስድስት ቀን ይፈጃል፤ አንድ ቀን ካለፈው ይመርራል። ማ ፋንታ ፍራው ያለችኝ የማይሸተው ድስት እኔው ቤት ገባ። ቀን ቆጥሬ እከፍታለሁ፤ ጎንበስ ብዬ እንዳሸተተ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። ሆኖም በከፈትኩት ቁጥር ደርሶ ይጠብቀኛል። አንድም ቀን አልተበላሸም። ተአምር ነው ብዬ ለማርያም ጥላ ተሳልኩ። ስለት ስለት ነውና ጥላው ይግባ።

ባለፈው ጥር ግን ቋጠሮውን አየሁት። እኔ ቅጠሉን በቃጫ ሳስር ወደ ቀኝ ነው የማዞረው። ያን ቀን ወደ ግራ ዞሯል። በዚህ ቤት ግራኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ፈትቼ እንደ ልማዴ አሰርኩና ዕድር ሄድኩ። ስመለስ ቋጠሮው ወደ ግራ ነው፤ ቅሉም ምድጃው ጥግ ተጠግቶ ጋቢ ለብሷል። ተአምሩን በሰማይ ስፈልግ ምጣድ አጠገብ ኖሯል። ይህን እያወቅኩ አራት ወር ዝም ያልኩት በኩራት ነው።

ስለዚህ ቅሉን ለማንም አላወርስም። ሰው የሚናዘዘው በራሱ ንብረት ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት በዚህ ከተማ የተበላው ሱምባራ የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነው፤ ቅሉም የእርሷ ነው። ኢዮብ ሆይ፣ «የሚሠራው የለም» ያልከኝን አሁን አንሣው። እናትህ ዘንድ ሂድና ተማር። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ወንድ ነው፣ ሴት ናት ተብሎ እጁ የሚከለከል ሰው አይኑር።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ከበሩ ሆና «እንግዲህ ይኼም ይጻፋል?» አለች። ካሳሁን ብዕሩን አነሣ። ጻፍ አልኩት።

«አፍንጫዬ መሞቱን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ሽንኩርቱ ከፊትህ ከሰል ሆኖ ‹ዛሬስ ሽታው ደስ ይላል› ያልክ ቀን ነዋ።»

«መቼ እንደሚደርስስ ማን አስተማረሽ?»

«ሃያ ዓመት ስሰድበው የኖርኩትን ሽታ እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው?»

ከምስክሮቹ መካከል የተቀመጠችው ወይዘሮ ፈቲሀ «ወላሂ እውነቷን ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«በሰው ፊት ነው የከለከልከኝ» አለች። «በሰው ፊት እስክታነሣው ጠበቅሁ።»

እንግዲያው ይጻፍ፦ በ2001 ዓ.ም. መስቀል በእንግዳ ፊት የተናገርኩትን ክልከላ ዛሬ በአራት ምስክሮች ፊት አንሥቻለሁ። ዘርፈሽዋል ሆይ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ኑዛዜው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምስክሮቹ ፊት ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ከመፈረሜ በፊት ቅሉ እንዲመጣ ጠየቅሁ። ባለቤቴ አምጥታ በሁሉም ፊት በግራ እጇ ፈታችው። ከምስክሮቹ አንዱ አቶ ሀቢቡ ወደ መስኮቱ ሸሸ። እርሷ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አሸተተች። እኔ የማየው እርሷን ብቻ ነበር፤ ምንም አይሸተኝም።

«ደረሰ?» አልኳት።

«አልደረሰም» አለች። «ነገ።»

እኔም እስከ ነገ ለመቆየት ተስማምቼ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ የሃምሳ አለቃ ባዩ ተክሌ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
መምህር ካሳሁን፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)
አቶ ሀቢቡ (ፊርማ)
ወይዘሮ ፈቲሀ (የጣት አሻራ)
አቶ ጌታቸው (ፊርማ)