የበሩን መዘጋት ስላልሰማው ሊፍት

ለተከበሩ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያን ሁሉ ደረጃ ለወጣው ጉልበትዎ፣ መልካሙን እመኛለሁ። የሊፍቱን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ «ግድየለሽ» ብለው ስላስታወሱኝም ከልብ አመሰግናለሁ።

ሰኞ ጠዋት አክስቴ ለጉልበቷ ሕክምና ሦስተኛ ፎቅ ልትወጣ ምርኩዟን ይዛ ሊፍቱ ውስጥ ገባች። በሩ ተዘጋ፣ የተጫነችው ቁጥር በራ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሊፍቱ በሩ መዘጋቱን ስላላወቀ «ክፈት» ሲባልም መች ተዘጋሁና ያለ ይመስል ዝም አለ። የጥበቃ ሠራተኛው ፈልቅቆ እስኪያወጣት አርባ ደቂቃ ቆማለች። ስትወጣ ያለችኝ «ልጄ፣ ይኼ ያንተ ሥራ ከሆነ ለሰው አትናገር» ብቻ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ስፈታ፣ ሴንሰር ስቀይር ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ሊፍቱ የመዘገባቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ ሳነብ ያገኘሁትን በትሕትና አቀርባለሁ፦

1. ሊፍቱ ከ«ቆሟል» ወደ «ይንቀሳቀሳል» የሚሸጋገረው የበሩን መዘጋት ከሚከታተለው ሴንሰር «በር ተዘጋ» የሚል መልእክት ሲደርሰው ነው። እርስዎ ግን በሰኞ ዋዜማ አነጋገሩ ለእንግዳ አይመጥንም ብለው «በሩ ተዘግቷል» ተብሎ እንዲታረም አዘዙ፤ የታዘዘውም ባለሙያ ሴንሰሩ ላይ ብቻ አረመው። ስለዚህ ሴንሰሩ በጨዋ አማርኛ ሲናገር፣ ሊፍቱ የድሮውን ቃል ሲጠብቅ ሰነበቱ።

2. ሊፍቱ የማያውቀው ቃል ሲመጣበት ስክሪኑ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። ቀይ ነገር ዓይን ይወጋል ብለው ይህንንም ስላስጠፉት፣ የመጣለትን መልእክት ሁሉ ትንፍሽ ሳይል ሲጥለው ሰነበተ። ለዓይናችን ስላሰቡ ምስጋናችን የላቀ ነው።

3. ሦስተኛ ቅሬታ አልነበረኝም፤ የእርስዎ ደብዳቤ ለአሥራ አንድ ክፍሎች ግልባጭ እንደተደረገ ባውቅ ጊዜ ግን ይህን ደብዳቤ ዋናው መግቢያ ላይ መለጠፉን መረጥኩ።

ጥገናው ሊፍቱ አዲሱን ቃል እንዲያውቅ የምታደርግ አንድ የፕሮግራም መስመር ነበር። ሐሙስ ዕለት አክስቴ ብቻዬን አልገባም ስላለች አብሬያት ገባሁ። በሩ ሲዘጋ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ጣቴን «ክፈት» የሚለው ቁልፍ ላይ አኑሬ ነበር። ሊፍቱ ተነሣ። የለቀቀችኝ ሦስተኛ ፎቅ ደርሰን በሩ ሲከፈት ነው።

የሰዋስው እርማትዎ በሌሎች ማሽኖች ላይ እንዳይቀጥል እየተማጸንኩ፣ ከማይናወጥ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ግድየለሹ ፕሮግራመር

ተጨማሪ፦ የእሳት አደጋ ደወሉ ድምፅ ሻካራ ስለሆነ በለስላሳ ሙዚቃ እንዲተካ ዛሬ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። ቢሮዎ የመጨረሻው ፎቅ ላይ መሆኑን በአክብሮት ላስታውስ።