ከመርከብ የመጣው ወረቀት

ይድረስ ለልጄ ለሚትሱዮ። ቅድመ አያቶችሽ ባሉበት ሆነው በሰው አገር ይጠብቁሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ሩዙም ታጭዶ ገብቷል።

የወንድምሽ የካንጂ ሚስት ቺዙሩ ከሦስት ሴት ልጆች በኋላ ብታረግዝ፣ ልታስወርድ ሄደች። ሐኪሙ፣ «ልብሽ ደካማ ነው፤ ምጥ አይችልም። ግን ሕግ ነውና የባልሽ ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ወረቀት ካላመጣሽ አልነካሽም» አላት። ካንጂ ወረቀቱን ብትልክለት ከዓሣ መርከቡ ላይ ሆኖ ማኅተሙን መትቶ በፖስታ መለሰላት። እኔ ተቀብዬ እሳት ውስጥ ጨመርኩት።

በየቀኑ፣ «እማማ፣ ዛሬም አልመጣም?» ትለኝ ነበር።

«ምን ሊመጣ? ወንድ ልጅ ይፈልጋላ!» እላታለሁ።

«ባሌ ጨከነብኝ» እያለች በምጥ ሞተች። ልጁ ወንድ ነው። ካንጂ ፖስታ ቤቱን ይረግማል፤ አንቺም እንዳትነግሪው። ይልቅ መጥተሽ ሕፃኑን አሳድጊልኝ። አንቺንም ወልዶ ለመሳም ያብቃሽ።

እናትሽ ቶሜ