ይሄይስ ወይን ሊቀምስ ሄዶ

ኬፕታውን፣ ጥር 1998

ምትኩ ወንድሜ፣ ሰቆጣ እንዴት ከረማችሁ?

ቅዳሜ ከይሄይስ ጋር መኪና ተከራይተን ወይን ወደሚለማበት አገር ወጣን። እሱ ሊነዳ፣ እኔ ልጠጣ ነበር ውላችን። አንዲት አሮጊት ባለ እርሻ ወይን ጠጃቸውን ያስቀምሳሉ። እንግዶቹ ያሸቱታል፣ አፋቸው ውስጥ ያንከባልሉታል፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ እንትፍ!

ይሄይስ ደነገጠ። «ተበላሽቶባቸው ነው» አለኝ እንዳይሰሙት በኽምጣና ቋንቋችን። «እናቴ ብትሆንስ? ጠጇን እያየች ይተፉባታል?»

የአቀማመስ ወግ መሆኑን ልነግረው ስል ሳቄ አላስወራ አለኝ። እሱ የተቀዳለትን ሁሉ ጭልጥ አደረገ፤ የእኔንም ደገመ። «ግሩም ነው እማማ፣ አይዞዎት!» ይላቸዋል በየብርጭቆው።

እኔ እንደሆን መንዳት አላውቅም። ሲመሻሽ አሮጊቷ ራሳቸው መኪናችንን ነድተው አደረሱን፤ ልጃቸው በሌላ መኪና ይከተለናል፣ ይሄይስ ከኋላ ወንበር ይዘፍንላቸዋል። ሲሰናበቱን ሁለት ጠርሙስ አስታቀፉት። «እንዲህ አጣጥሞ የጠጣልኝ እንግዳ የለም» አሉ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ሠፈሩን በሙሉ ሳምልኝ። እናቱን እትዬ ዓይናዲስን ስታገኛቸው ግን ሰከረ እንዳትላቸው፤ የሰው እናት አላሳፍርም አለ በላቸው።

ዓለምብርሃን