ስለ ተደፈነው የጭስ መውጫ፦ ለአረንጓዴ ቤት ፕሮጀክት ኃላፊ

ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉለሌ፣ ከቁስቋም ቁልቁል

ለክቡር የአረንጓዴ ቤት ማሻሻያ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና፣ በዚህ ክረምት የማይርስ ጫማ፣ እንዲሁም መስኮቱ እንደ ልብ የሚከፈት ቢሮ እመኛለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብርድ፣ ፊቴን ደግሞ እፍረት ከመያዛቸው በቀር።

ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሕንፃ ሥራ ፎርማንነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁት፣ ከቁስቋም በታች ላሉት አሥራ ሁለት ጭቃ ቤቶች ተወካይ ሆኜ የተመረጥኩት፣ በምረቃው ዕለት በእጅዎ አረንጓዴ ሰደርያ አልብሰው «አርአያ ነዋሪ» ያሉኝ ጀቤሳ ቶለሳ ነኝ። ሰደርያው ልክ ስላልነበረ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ አያይዘውልኝ ነበር፤ ለዚያም ሳላመሰግን ቀርቻለሁና አሁን አመሰግናለሁ።

ፕሮጀክትዎ በሰኔ መጨረሻ መንደራችን ሲደርስ ያደረገልንን መካድ ነውር ነው። ከኮርኒሳችን በላይ ሙቀት የሚይዝ ፎም ተነጠፈ፣ የመስኮቶቻችን ዳር በሲሊኮን ተመረገ፣ በበሮቻችን ሥር ጎማ ተለጠፈ፣ አምፖሎቻችን ኃይል በሚቆጥቡ ተተኩ፣ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ እየታደነ ተደፈነ። ከእንጦጦ የሚወርደውን የነሐሴ ብርድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እውነቱን ለመናገር ቤቶቻችን ሞቁ፤ እኔም በየደጃፉ እየዞርኩ ያሞቅኳቸው ራሴ የሆንኩ ያህል ስመሰገን ከረምኩ። ሆኖም ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት ቅሬታዎችን በቁጥር አስደግፌ ለማቅረብ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

1ኛ. በዕቅድዎ መሠረት ፎሙ በመጀመሪያው ዙር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ደግሞ በሁለተኛው ዙር እንደሚመጣ ተነግሮናል። ሁለተኛው ዙር እስከ ዛሬ አልመጣም። ቢመጣም ዝናብ ባካፋ ቁጥር መብራት በሚጠፋበት መንደር ምድጃው ምን ይበላ እንደነበር ጠይቄ አላውቅም፤ እርስዎም ጠይቀው እንደማያውቁ እገምታለሁ። በአጭሩ፣ ቤቱን አሽገው ከነከሰላችን ስለተዉን፣ ትዕግሥት ስላስተማሩንም ጭምር ከልብ እናመሰግናለን።

2ኛ. የማመልከቻ ቅጽዎ በሰባተኛው ተራ ቁጥር «ቤቱ ለማብሰያም ሆነ ለማሞቂያ ከሰል ይጠቀማል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ይጠቀማል» ያለ ቤት ከፕሮጀክቱ ይሰረዛል። እንዲህ ያለ ብልህ ቅጽ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም። አሥራ ሁለት ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ እስክሪብቶ ከከሰል ነፃ ወጣ! እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያም ሆኖ ሊያረጋግጡ የመጡት ባለሙያዎ ከደሳለች ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ ፍም የያዘ የከሰል ምድጃ ስላጋጠማቸው፣ ፎቶው እንዳይበላሽ ትንሽ ገለል እንዲደረግላቸው በትሕትና ጠየቁ። ገለል ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ጣቴን አቃጥሎኛል፤ ያቃጠለኝ ግን ጣቴን ብቻ መስሎኝ ነበር።

3ኛ. እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ማስረዳት ግድ ይለኛል። ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይተዋል። ስንፍና አይደለም፤ ቤት ውስጥ ከሰል ስለሚነድ ነው። ጎረቤቴ ደሳለች ያለችበትን ቤት በእጁ የሠራው ሟቹ ባለቤቷ ሲላስ እንዲሁ ትቶ ነበር። ሠራተኞችዎ ያንን ሊደፍኑ መሰላል ሲያቆሙ ደሳለች ወደ እኔ ዞራ፣ ይህቺ ሲላስ ለጭስ ብሎ የተዋት ናትና ብትቀር አይሻልም ወይ፣ እርስዎ ያውቃሉ ጋሼ፣ አለችኝ።

አውቅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጭስ መውጫ ያልተወ ሠራተኛ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን አንድ ቤት ክፍት ከቀረ መንደሩ መቶ በመቶ አይሞላም፣ መቶ በመቶ ካልሞላ «አርአያ መንደር» አይባልም፣ ምረቃውም በሚቀጥለው ሰኞ ነበር። ከዚያም ባሻገር፣ ነገሩን ሁሉ በታብሌት ለሚለኩ ወጣት መሐንዲሶችዎ የጭቃ ቤት ዘመን ሰው መስዬ መታየት አሳፈረኝ። ድፈኑት አልኩ። ዛሬ እንዲህ የማፍረው ያን ቀን ያለቦታው ስላፈርኩ ነው።

የሆነውንም ለመዝገብዎ እንዲመች በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። የደሳለች ልጅ ሲና እንደ ወጉ ልትታረስ እናቷ ቤት ገብታ ነበር፤ ነሐሴ 7 ቀን ከወለደች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ዝናቡም አላባራም። አራስ ብርድ እንዳይነካት ተብሎ ከሰሉ በደንብ ተቀጣጥሎ ከእግሯ ሥር ተቀመጠ፤ ደሳለችም በሩን ዘግታላት መድኃኒት ልትገዛ ወደ ጳውሎስ ወረደች። በማንኛውም የጉለሌ ቤት የሚደረግ ነገር ነው፤ እናቶቻችንም እኛን ወልደው የታረሱት እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የእነሱ ቤት ይተነፍስ ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እኔ መዶሻዬንና ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከውን «ኃይል ቆጣቢ አርአያ ቤት» የሚለውን ሰሌዳ ይዤ ደረስኩ። ለአራት ምስማር የተበሳ ቆንጆ ሰሌዳ ነው። የመጀመሪያውን ምስማር ሕፃኗ እንዳትነቃ ቀስ ብዬ መታሁ። ሁለተኛውን ጠንከር አድርጌ መታሁ። ሦስተኛው ላይ ሳለሁ ነው ነገሩ የገባኝ፦ አራስ ቤት በር ላይ መዶሻ ሲመታ ሕፃን ያለቅሳል፤ ሕፃን ባያለቅስ እናቲቱ ትቆጣለች። ከውስጥ ማነው ያለኝ የለም። በሩን ገፍቼ ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ክቡርነትዎ ሊያምኑኝ ቢቸገሩም፣ ከሁሉ በፊት ወደ አእምሮዬ የመጣው ሐሳብ «ሙቀቱን እንዴት አድርጎ ይዞታል!» የሚል ነበር። ሲናን ያየኋት ከዚያ በኋላ ነው። ከአልጋው ወርዳ በሩ ድረስ ልትመጣ ሞክራ መሬት ላይ ወድቃለች። ሕፃኗ አልጋው ላይ እንደ ጨርቅ ዝላ ነበር። ዝናቡ ላይ አወጣኋቸው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ መኪና ተገኘ።

ሁለቱም በሕይወት አሉ። ሐኪሞቹ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ብለው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። ሲና በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት ተመልሳለች። ስለ ሕፃኗ ግን የተባልነው፣ ስታድግ እናያለን የሚል ነው።

4ኛ. ይህንን ለጽሕፈት ቤትዎ በማግስቱ በጽሑፍ ሳመለክት በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ስለሰጡኝ ፍጥነትዎን አደንቃለሁ። በምላሽዎ ፎሙ እንከን እንደሌለበት፣ ቤቱ በቅጹ ላይ «ከሰል አይጠቀምም» ተብሎ የተፈረመበት በመሆኑ ጥፋቱ የነዋሪዋ መሆኑን፣ እንዲሁም የተገጠመውን ያለ ፈቃድ የሚቆርጥ ማንኛውም ቤት ከሁለተኛው ዙር እንደሚሰረዝ ገልጸውልኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ስለሆንኩ ሞኙም እኔ ነኝ። ነገር ግን አሥራ ሁለቱም ቤቶች ዛሬም እንደታሸጉ ናቸው፣ ዝናቡ አላቆመም፣ በአራተኛው ቤት ያለችው ደራርቱም ለመውለድ ሁለት ሳምንት አይቀራትም። የአራስ ከሰል የሚሆን ማዳበሪያ ሙሉ ተገዝቶ በሯ ላይ ተቀምጧል። ከሰል አታንድዱ ብዬ ለምኛቸዋለሁ፤ በምን እናሙቃት አሉኝ። ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ደግሞ ከአዲስ ዓመት በኋላ ነው ተብያለሁ።

5ኛ. ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ ሌላ የሚቀበል ቢሮ ስለሌለ ግን በዚሁ አያይዤዋለሁ። ባለፈው እሑድ ደሳለች በቤተ ክርስቲያናችን ምስክርነት ልትሰጥ ቆማ ነበር። እግዚአብሔር ጋሽ ጀቤሳን በሰዓቱ መዶሻ አስይዞ ላከልኝ አለች። ጉባኤው እልል አለ፤ ከኋላዬ የተቀመጡት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ። አጎንብሼ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፤ ሰዉም ትሕትና መሰለው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ስለዚህ በፊታችን ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ መጋዝና መሰላል ይዤ በአሥራ ሁለቱም ቤቶች ጣሪያ ሥር አንድ አንድ ስንዝር እንደምከፍት፣ ከአራተኛው ቤትም እንደምጀምር በአክብሮት አሳውቃለሁ። ፎሙ ይቆያል፣ አምፖሎቹም ይቆያሉ፤ መልካም ነገሮች ናቸው። የጽሕፈት ቤትዎን ንብረት ስለ መቁረጥ የሚጠየቅ ሰው ካስፈለገ ስሜና አድራሻዬ በእጅዎ ነው። ባለሙያዎችዎ መጥተው መሰላሉን ቢይዙልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ለፎቶ ግን ከቦታው የሚነሣ ዕቃ አይኖርም። ሰደርያውን፣ የምስክር ወረቀቱንና ሰሌዳውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ላላዩት ሁሉ፣ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ እስከ ዛሬም ከሚገባው በላይ ታዛዥ የነበረ፣

ጀቤሳ ቶለሳ
ጡረተኛ ፎርማን፣ የቀድሞ አርአያ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያ ቅጂ የሰጠሁት ለእርስዎ ሳይሆን ለደሳለች ነው። መነጽሯን አድርጋ፣ የልጅ ልጇን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ጋሼ፣ ያውቁ ነበር? ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አዎ፣ አውቅ ነበር አልኳት፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። በቢሮዎ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅዎ ሰው እንደማይኖር ስለምገምት፣ እኔው በታላቅ አክብሮት ልጠይቅዎ፦ ክቡርነትዎስ፣ ያውቁ ነበር?