አጥር ላይ የወጣሁበት ምክንያት

ቤይሩት ለምትማረው ልጄ ለአስናቀች። የቁስቋም ማርያም ባለሽበት ትጠብቅሽ፤ እኔም ልጅሽ ሸዋገነትም ደኅና ነን።

«እናትሽ ጃጅታ አጥር ስትዘል ታየች» ብለው እንደ ጻፉልሽ ሰማሁ። አልዘለልሁም፤ ሁለት አግዳሚ ወጥቼ ወረድሁ። ጣሊያን ግቢያችን ውስጥ ትቶት የሄደውን የውሃ ገንዳ በእንጨት አሳጥሬው ነበር። ዓርብ ዕለት ግን ሸዋገነትሽን አግዳሚዎቹን እንደ መሰላል ረግጣ ጫፉ ላይ አገኘኋት። አውርጃት እኔው ሞከርሁት፤ ለሰባ ዓመት እግርም ይመቻል።

አናጢውን አያ ማሩን ጠርቼ፣ «አግዳሚው እንዳይታይ ከውጭ በኩል ሳንቃ አቁመህ፣ ክፍተት ሳትተው ምታልኝ» አልሁት።

«እሜቴ፣ እንዲህማ ከሆነ ድመትም አይወጣው!» ብሎ ሳቀ።

«የኔዋ ከድመት ትብሳለች።»

ከበሩ በቀር አልቋል። ዛሬ ልጅቱ እግሯን የምታሳርፍበት ፈልጋ ብታጣ ተናዳ አለቀሰች። ልቅሶ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።

ትምህርትሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ፤ ደብዳቤ ግን አታዘግዪብኝ። አምላክ በጤና ያገናኘን።

ነገ በመጀመሪያ የበሩን መወርወሪያ ልጅቱ ከማትደርስበት አስመታለሁ። ቀጥሎ ከአጥሩ ሥር የተጋደመውን ግንድ አስነሣለሁ። ከዚያ እጇን ይዤ ወደ ገንዳው ዳር አስገባታለሁ፤ ውሃ ማየት ትወዳለችና።

እናትሽ አባይነሽ