ሕዝቡ ይድረስ

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስህ። ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? እናቴ አሁንም ያምመዋል ብላኝ አሳስቦኛል። ሙዙን ውሃ ስታጠጣ ቦት ጫማህን አድርግ ብትባል እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እላለሁ። ላሟ ወለደች ወይ? ጉባኤው፣ ጎረቤቱ፣ የላንቴ ሰው ሁሉ ደህና ነው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ወባ አልያዘኝም፣ አልከሳሁም፣ ጸሎትም አልተውኩም። የመጨረሻውን ሳትጠይቀኝ የመለስኩት መጀመሪያ የምታስበው እሱን ስለሆነ ነው።

ከአርባ ምንጭ እዚሁ ቅርብ ላንቴ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅህ አይቀርም። ግን ስደውል “ቆይ እናትሽን ላቅርብልሽ” ብለህ ስልኩን ትሰጣታለህ። ስመጣ ደግሞ ሙዙ ውስጥ ትገባና እስክሄድ አትወጣም። ደብዳቤ እጅህ ከገባ ግን ሳታነበው እንደማታስቀምጠው አውቃለሁ። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” እያልክ ያሳደግከኝ አንተው ነህ። ሙዝ የሚጭነው አሮን ለማንም ሳይሆን ለአንተ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

በገና የተጣላንበትን ነገር ላንሳው። አካውንቲንግ ትቼ ፊልም መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት እንዳለፈኝ ስነግርህ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርክ። ፊልም የውሸት ትምህርት ነው፣ በቤቴ ውሸት የሚማር ልጅ የለኝም፣ ወደ ቀድሞው ትምህርትሽ እስክትመለሺ ፊቴ አትቁሚ አልከኝ። ሁለት ዓመት መደበቄ ጥፋት ነው። ለእሱ ከልቤ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ለትምህርቱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ አልመለስምም። ይህን ከፊት የጻፍኩት ተጸጽታ ይሆናል እያልክ እስከ መጨረሻው እንዳትደክም ነው።

አንተ “ፊልም” ብቻ ትለዋለህ እንጂ ሙሉ ስሙ ፊልምና የሕዝብ ባህል ነው። እንደምታስበው ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ሰዎች ሲሳሳሙ አናይም። ቢሳሳሙም መምህርታችን መሐል ላይ አስቁመው መብራቱ ከየት ነው የመጣው ብለው ይጠይቁናል፤ ነገሩ ሁሉ ጣዕም ያጣል። የምናጠናው ሰው ከድካሙ ሲያርፍ ምን እንደሚወድና ለምን እንደሚወድ ነው። የፀጉር ቤት ሥዕል፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የመዝሙር ካሴት፣ ባጃጅ ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ ሳይቀር ትምህርታችን ነው።

ለመመረቂያ ጥናት ስንወጣ መምህርት ፌቨን ሩቅ አትሂዱ፣ ከደጃችሁ ጀምሩ አሉን። እኔም ከሲቀላ ገበያ ጀመርኩ። ሃምሳ ዓመት አለፈው ብዬ የገመትኩትን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያየኸው ፊልም ምን ነበር ብዬ ጠየቅሁ። አባቴ፣ የፊልም ስም የነገረኝ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ያወሩልኝ ስለ ተርጓሚው ነው።

በእነሱ ወጣትነት ከመናኸሪያው ጀርባ የጋሽ ወልደሥላሴ ቪዲዮ ቤት ነበር አሉ። የቆርቆሮ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። የሚታየው የሕንድ ፊልም ነው። በገበያ ቀን ከደጋ የወረደው ሰው ጉዳዩን ሲጨርስ እዚያ ይገባል። ሕንድኛ የሚያውቅ የለም፤ ከደጋ የመጣው አብዛኛው አማርኛም አይሰማም። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን አንድ ወጣት ማይክራፎን ይዞ ቆሞ በጋሞኛ ይተረጉማል። ሕንድኛ ይችል ነበር ወይ ስል ሁሉም ይስቁብኛል። አንድ ቃል አያውቅም! አፋቸው ሲንቀሳቀስ እያየ የመሰለውን ይናገራል። ሀብታሙ ሲቆጣ የልጅቷን አባት የእንሰት ማሳ ሊነጥቅ ነው ይላል። ፍቅረኞቹ ዛፍ ለዛፍ ሲሯሯጡ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለሚያዩ፣ ፍየል ጠፍታባቸው እየፈለጉ ነው ይላል።

አንድ የገበያ ቀን የሆነውን ግን ሁሉም ሳይጠየቁ ነው የሚያነሱት። ከኦቾሎ የወረደች ሻሺቱ የምትባል ሴት ከፊት ተቀምጣ ነበር። የስምንት ዓመት ልጇን ከቀበረች ሁለት ወር አልሞላትም፤ ሐዘኑን ትርሳው ብለው ጎረቤቶቿ ናቸው ያስገቧት። በፊልሙ መጨረሻ ታምማ የተኛችው ልጅ ትሞታለች። ሕንዶቹ እንጨት ከምረው እላዩ ላይ ያስተኟትና እሳት ይለቁበታል። ቴሌቪዥኑን ትቶ ሰው ሁሉ ሴትዮዋን ያይ ጀመር። ተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ አልሞተችም፣ መድኃኒቱ ሠርቶላት አክስቷ ቤት ሄዳለች፣ ይህ የምታዩት እሳት ደመራ ነው፣ አገሩ በመዳኗ ተደስቶ መስቀልን እያከበረ ነው አለ። ሕንዶቹም ነጭ ለብሰው እሳቱን ከበዋል፤ ለእኛ አገር ሰው ነጭ ልብስና እሳት ሌላ ምን ሊሆን ነው? ሻሺቱ ብድግ ብላ እልል አለች። ቤቱ ሁሉ “ዮ መስቀላ!” እያለ ተከተላት።

የተርጓሚውን ስም የሚያውቅ ጠፋ፤ ወይም የሚያውቁት ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ጋሽ ወልደሥላሴን ፈልጌ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ ልጃቸው ዘንድ ሴቻ ሰፈር ነው ያሉት። ስጠይቃቸው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና የማን ልጅ ነሽ አሉ። ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና “ዘር ከልጓም ይስባል” አሉ። ስሙን ግን አልናገርም፣ ቃል አስገብቶኛል አሉኝ። የነገሩኝ አወጣጡን ብቻ ነው። አንድ ቀን ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ጌታን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ሕዝቡን አልዋሽም ብሎ ሄደ። ቢለምኑት፣ ሽማግሌ ቢልኩበት እምቢ አለ። ከዚያ ወዲያ ሰው እየቀነሰ ቤቱ ተዘጋ።

ስወጣ አንድ ካሴት ሰጡኝ። ለካ ተርጓሚውን ወባ ሲይዘው ሕዝቡ ያለ እሱ አናይም ስላለ በደህናው ቀን ድምፁን ቀድተውት ኖሯል። ቴፑ ከፊልሙ እየቀደመ ሙሽራዋ በአማቷ ንግግር ታወራ ነበር፤ ያም ሆኖ ሰው ይገባ ነበር አሉኝ። እኔም ካሴት የሚያጫውት ቴፕ ፍለጋ ሲቀላን ሦስት ቀን ዞርኳት። በመጨረሻ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ የራሱን አሮጌ ቴፕ አስተካክሎ አዋሰኝ። መጀመሪያ የጄኔሬተር ጩኸት፣ ቀጥሎ ሳል፣ ከዚያ ድምፁ መጣ። በአንድ ቦታ ሕንዶቹ ቶሎ ቶሎ ሲያወሩበት ቆጣ አለና፣ “ቀስ በሉ እንጂ፣ ሕዝቡ ይድረስ!” አላቸው።

ቴፑን አጥፍቼ ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። “ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል” ይባላል፤ እኔ ያወጣሁትን ግን ዘንዶ ልለው አልቻልኩም። ማታ ለእናቴ ደውዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና አባትሽን ጠይቂ አለችኝ። እኔ ግን አልጠይቅህም።

ይልቅ ስለ ሌላ ነገር ላውራህ። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ በጋሞኛ የምትተረጉመው አንተ ነህ። ሰባኪው ሲቸኩልብህ ክንዱን ያዝ አድርገህ “ቀስ በል ወንድሜ፣ ሕዝቡ ይድረስ” ትለዋለህ። እናቴ ምሳ ስታስቸኩለን እንኳ ይህን እያልን እንቀልድባት ነበር። ቴሌቪዥን የገዙት ጎረቤቶቻችን የሕንድ ፊልም ሲከፍቱ ግን አንተ ሙዙን ልይ ብለህ ትወጣለህ። ልጅ ሆኜ ሙዙ ሁልጊዜ በፊልም ሰዓት ለምን እንደሚታመም ይገርመኝ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ የመጣውን ሰባኪ ታስታውሰዋለህ? ጎረቤታችን ሕፃኗን የቀበረችበት ሳምንት ነበር። ሰውየው በአማርኛ፣ ልጅ የሚሞተው በወላጅ ኃጢአት ነው፣ እዚህ መካከል ያልተናዘዘች እናት አለች አለ። አንተ ጉሮሮህን ጠረግክና በጋሞኛ፣ እግዚአብሔር ከምታለቅስ እናት ጋር አብሮ ያለቅሳል፣ ልጇም በእቅፉ ነው አልክ። ጉባኤው አሜን አለ። ሰባኪውም ስብከቱ የተወደደለት መስሎት ፊቱ በራ። አባቴ፣ እኔ ሁለቱንም ቋንቋ እሰማ ነበር። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ካንተ አፍ ከሰማሁት ሁሉ ግን እንደዚያ ቀን ንግግርህ እውነት የሆነብኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት ኦቾሎ ወጥቼ ነበር። እማማ ሻሺቱ በሕይወት አሉ፤ ጥርሳቸው እንጂ ምላሳቸው አላረጀም። ያን ቀን እውነት ደመራ መስሎዎት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ተቆጡኝ። ጅል አደረግሽኝ፣ ልጁን የቀበረ ሰው ሬሳ መለየት ያቅተዋል ወይ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ያ ተርጓሚ ልጅ ላቡ እየተንጠባጠበ ለእኔ ብሎ ሲለፋ እያየሁ እንዴት ዝም ልበለው፣ እልል ያልኩት ለእሱ ነው፣ ሕዝቡም የተከተለኝ አውቆ ነው፣ ያላወቀው እሱ ብቻ ነው አሉኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሕዝቡን አታለልኩ እያለ የሚኖር ሰው ካለ ንገሪው አሉኝ። እንግዲህ ነገርኩ።

ጥናቴን የማቀርበው በሰኔ ሁለተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የተርጓሚውን ስም ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። መምህርት ፌቨን ዋናው ምዕራፍ ስምም ድምፅም ከሌለው ውጤትሽ ይቀንሳል ብለውኛል፤ ይቀንስ። ካሴቱ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ አይወጣም። እኔ ግን ካሴቱ ኖረም አልኖረም፣ አንተ መጣህም ቀረህም፣ እቆምና አቀርባለሁ። ተመርቄም ይህንኑ ሥራ እሠራለሁ። በዚህ ቃሌን አልለውጥም፤ ግትርነቱን ከየት እንዳመጣሁት አንተም እናቴም ታውቃላችሁ። ቢሆንም ያላንተ ምርቃት መመረቅ አልፈልግም። ይህን ደብቄ ጀግና ብመስል ውሸቱ ያ ነበር።

አንድ የተቸገርኩበት ነገር አለ። እማማ ሻሺቱ ያን ቀን ከኦቾሎ ይወርዳሉ። ጥናቱ የሚቀርበው በአማርኛ ነው፣ እሳቸው ደግሞ አማርኛ አይሰሙም። እያቀረብኩ መተርጎም አልችልም። ከጎናቸው የሚቀመጥ ሰው ብፈልግ ያገኘኋቸው ሁሉ ቃል በቃል የሚተረጉሙ ናቸው። ስለዚህ ከፊት ሁለት ወንበር አስይዣለሁ። አንዱ የእሳቸው ነው።

ጌታ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጉልበትህን ያጽናው፣ ሙዙን ከነፋስ ይጠብቅልህ። እናቴን ሳምልኝ፤ ስቃለች ብዬ እንዳሳበቅኩባት ግን አትንገራት። የደጃችን ሰላም አይጉደል።

ፊትህ መቆም የናፈቃት
የበኩር ልጅህ

እንዳልረሳው፣ ስናገር እንደምቸኩል ታውቃለህ። ለዚያ ቀን በየማታው መስታወት ፊት ቆሜ እየተለማመድኩ ነው። ቀስ እላለሁ አባቴ፤ ሕዝቡ ይድረስ።